የመናኸሪያው ቀን ባለቤት

በአራተኛው የድርሰት ማሰልጠኛ ጣቢያ የጠዋቱ ትምህርት የሚጀምረው በማሽተት ነው። ሁለት ሰዓት ሲሆን አርባ ሰልጣኞች በሁለት መስመር ይቆማሉ። እያንዳንዱ ከፊቱ ካለው ትሪ ላይ አንድ ብልቃጥ ያነሳል፣ ይከፍታል፣ ወደ አፍንጫው ያስጠጋል፣ ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል። ዓረፍተ ነገሩ ከአስራ አምስት ቃል መብለጥ የለበትም። «ትዝታ» የሚለውን ቃል የተናገረ ከመስመር ይወጣል።

በዚያ ዕለት ለሐመልማል ታምሩ የደረሳት የቆዳ ሽታ ነበር።

«አባቴ ቤት ሲገባ ከራሱ በፊት የሚገባው ጫማው ነበር» አለች።

አሰልጣኙ ራሱን ነቅንቆ ወደሚቀጥለው አለፈ። ሐመልማል አባቷን አታውቅም። ልምምድ ላይ መዋሸት ይፈቀዳል፤ የማይፈቀደው የማለፊያው ፈተና፣ ማጣሪያው ላይ ነው።

ከሽታ ቀጥሎ ጎተራው ይከፈታል። ጎተራ የሚሉት ጣቢያው ለሰልጣኞች ያዘጋጀውን መርጃ ነው፦ ከስልሳ ዓመት ድርሰቶች የተለቀሙ ሰላሳ ሺህ ዝርዝሮች፣ በየቦታቸው ተመድበው። ሰልጣኙ «ገበያ» ወይም «ሆስፒታል» ብሎ ይጠይቃል፤ ድምፁ፣ ሽታው፣ ከእግር ሥር ያለው፣ ሰዎች የሚሉት ሁሉ በተራ ይመጣለታል። ሐመልማል ሁለት ዓመት ተኩል በየቀኑ ሁለት ሰዓት ከጎተራው ጋር አሳልፋለች። አብዛኛውን ጊዜ የምትጠይቀው «መናኸሪያ» ነበር።

በ2071 ዓመተ ምሕረት አዳማ ውስጥ ከሦስት ሰው አንዱ ድርሰት ሰልጥኗል ወይም እየሰለጠነ ነው። በፈቃዱ የሚያነብ ሰው ስለሌለ አንባቢ በምደባ ይገኛል። ማጣሪያውን ሦስት ጊዜ ያላለፈ ሰልጣኝ ወደ ንባብ ክፍል ይላካል፤ በቀን ስምንት ሰዓት የሌሎችን ድርሰት ያነባል፤ በየገጹ መጨረሻ «ተነካሁ» ወይም «አልተነካሁም» የሚለውን ይጫናል። አንድ ጊዜ ከተመደበ ሁለተኛ መጻፍ አይችልም፤ ያነበበው ይጋባበታል ተብሎ ይታመናል። ሐመልማል ሁለት ጊዜ ወድቃለች።

አራት ሰዓት ላይ መምህር ልዑልሰገድ አስጠራት። መምህሩ አንድ መጽሐፍ አለው፤ ስለ ሐሞት ጠጠሩ ነው። ሚስቱ ፍቺውን ቀድማ ስላስመዘገበች ለእሱ የቀረለት ጠጠሩ ብቻ ነበር።

«ቁጭ በይ» አላት። «ለማጣሪያው ያስገባሽው ገጠመኝ ተመልሷል።»

«ምን ጎደለው?»

«ምንም አልጎደለውም። ተይዟል።» ከፊቱ ካለው ኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ላይ አነበበ። «ሞጆ መናኸሪያ፣ ጥር 2052፣ እናት ሁለት ሴት ልጆቿን ጥላ የሄደችበት። ባለቤት፦ ወይንሸት ታምሩ። ምንሽ ናት?»

«እህቴ።»

«ደራሲ ናት?»

«የባጃጅ ባትሪ ነው የምትቀይረው። መጽሐፍ አንስታ አታውቅም።»

«መጻፍ አይጠበቅባትም። ቀድሞ መያዝ ብቻ ነው። አንድ ገጠመኝ ለአንድ ሰው የሚለው ሕግ በወጣ በሁለተኛው ሳምንት አስመዝግባዋለች፤ ይኸው አስራ አንድ ዓመቱ።» ሰሌዳውን ገለበጠው። «ሌላ ነገር የለሽም? የሞተብሽ፣ የከዳሽ፣ የታመምሽው?»

«የለም።»

«ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ?»

«ከዚያ በኋላ ምንም አልሆንኩም። እህቴ አሳደገችኝ። በላሁ፣ ለበስኩ፣ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ።»

«በዚህ ማንም አላለፈም» አለ መምህሩ፤ አሁን በእሷ የተናደደ ይመስል ነበር። «እስከ ሐምሌ ሠላሳ ነው ያለሽ። ወይ ታስለቅቂያታለሽ፣ ወይ ክርክር ትጠይቂያለሽ፣ ወይ ንባብ ክፍል ነሽ።»

ወይንሸት የምትሠራው ወንጂ መገንጠያ ላይ ነው። ባጃጆቹ ተሰልፈው ይቆማሉ፤ እሷ ከኋላቸው ያለቀውን ባትሪ ትመዛለች፣ የሞላውን ታስገባለች፣ ጎኑን በመዳፏ መታ ታደርግና ታሳልፋለች። ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ክንዶቿ የወንድ ይመስላሉ። ሐመልማልን ስታይ ሥራዋን አላቆመችም።

«ወይኒ፣ ደራሲዋ መጣችልሽ!» አለ ከሰልፉ አንዱ ሹፌር። «እኔንም ጻፊኝ በያት!»

«አንተን ማን ያነብሃል» አለችው ወይንሸት።

«እታለም» አለች ሐመልማል። ከልጅነቷ ጀምሮ እንደዚያ ነው የምትጠራት። «የሞጆውን ቀን አንቺ ነሽ ያስመዘገብሽው?»

«አዎ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቅሽኝም።»

«ልቀቂልኝ። አንድ ፊርማ ነው፤ ነገ አብረን እንሄዳለን።»

«አልለቅም።»

«አንቺ አትጽፊውም! ምን ያደርግልሻል?»

ወይንሸት ባትሪውን አስገብታ ክዳኑን በጉልበቷ ገፋችው። «እንዳይጻፍ ነው ያስመዘገብኩት።»

«የኔም ቀን ነው እኮ።»

«ስድስት ዓመትሽ ነበር። ንፍጥሽን የምጠርግልሽ እኔ ነበርኩ።»

«እና? ልጅ ስለነበርኩ አልተጣልኩም?»

«ኧረ ቶሎ በይ ወይኒ፣ ሰው ጭኛለሁ!» አለ ሹፌሩ።

«አንተ ደግሞ ዝም በል!» ወደ እህቷ ዞረች። «ሰምተሻል። አልለቅም።»

«ክርክር እጠይቃለሁ።»

«ጠይቂ። ምሳ በልተሻል?»

«አልበላም።»

«ካልበላሽ ሂጂ። መንገድ ዘግተሻል።»

ክርክሩ ለሐምሌ ሃያ ስምንት፣ ዓርብ፣ ተቀጠረ። ደንቡ አጭር ነው፦ ቀኑን የተሻለ ያስታወሰ ቀኑን ይወስዳል። ሐመልማል ዘጠኝ ቀን ተዘጋጀች። መምህር ልዑልሰገድ በየምሽቱ ያደምጣታል፣ ያስቆማታል፣ ቃል ያስቀይራታል። ከእሱ ሰልጣኞች እስከ ክርክር የደረሰ ስላልነበረ ደስ ብሎት ነበር። በስምንተኛው ቀን ስትናገር ራሷ አለቀሰች፤ መምህሩም ልቅሶው ወደ መጨረሻው እንዲሄድ አደረገ።

የገጠመኝ ምዝገባ ጽሕፈት ቤት አንደኛ ፎቅ ላይ ሦስት ዳኞች ተቀምጠዋል። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ጥሩዓየር የሚባሉ ቀጭን ሴት ናቸው። በግራቸው አንድ ወጣት ዳኛ ሰሌዳውን እየነካካ ነው፤ በቀኛቸው ያሉት ሽማግሌ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ሁለቱ እህትማማቾች ጎን ለጎን፣ በመካከላቸው አንድ ባዶ ወንበር ትተው ተቀመጡ። መምህር ልዑልሰገድ ከኋላ ነው።

«አመልካች ይጀምሩ» አሉ ሰብሳቢዋ።

ሐመልማል ተነሳች።

«ሐሙስ ነበር። መናኸሪያው ናፍጣ ይሸታል፤ ጉሮሮ ላይ የሚቀር ዓይነት። ከእግሬ ሥር የብርቱካን ልጣጭ አለ፤ ተረግጦ ተረግጦ ጠቁሯል። ረዳቱ ‹አዲስ፣ አዲስ፣ አንድ ሰው የቀረው!› እያለ ይጮሃል። እናቴ ‹ውሃ ልግዛ› አለችን። ስትሄድ ነፋሱ የነጠላዋን ጫፍ አነሳው፣ ከዚያ ሰው መሀል ጠፋች። እኔ ሻንጣው ላይ ተቀምጫለሁ። የአንድ እግሬ ጫማ ተፈትቷል፤ ማሰር አልችልም። እስክትመጣ ድረስ እንደተፈታ ይቆይ አልኩ።»

በመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ የመምህሩ ከንፈር አብሯት ተንቀሳቀሰ። እንባዋም በቦታው መጣ። ሽማግሌው ዳኛ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ባለቤት ይቀጥሉ።»

ወይንሸት የሥራ ጓንቷን ጭኗ ላይ እንዳስቀመጠች ተነሳች፤ ጓንቱ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ አላነሳችውም።

«ብዙ የለም» አለች። «ጠዋት ነው። ወይ ከምሳ በፊት። የመናኸሪያው አዳራሽ ውስጥ ነን። ይበርዳል። ሽንቴ መጥቶ ነበር። ሻንጣውን ትተሽ ንቅንቅ እንዳትዪ ተብያለሁ፣ ስለዚህ አልሄድኩም። በኋላ አመለጠኝ።»

«ምን አመለጠዎት?» አለ ወጣቱ ዳኛ።

«ሽንቴ። በቁሜ። አስራ አራት ዓመቴ ነበር።»

«እናትዎ ምን ለብሰው ነበር?»

«እንጃ። ሹራብ መሰለኝ።»

«ምን አሉ?»

ወይንሸት የወደቀውን ጓንት አየች። «ውሃ ልግዛ አለች። ይኸው ነው።»

ዳኞቹ ለመመካከር አልወጡም። ወጣቱ ሰሌዳውን ወደ ሰብሳቢዋ አስጠግቶ አሳያቸው፤ ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ።

«የአመልካች ቃል። ሐሙስ ይላል፤ የጉዞ መዝገቡ ማክሰኞ ነው። ናፍጣ ይላል፤ መስመሩ ከ2044 ጀምሮ በሙሉ ኤሌክትሪክ ነው። የብርቱካን ልጣጭ፤ አዳራሹ ውስጥ መብላት ከተከለከለ ያን ጊዜ ሦስት ዓመቱ ነበር። ነፋስ፤ አዳራሹ ዝግ ነው፣ መስኮት የለውም። ረዳት፤ ረዳት የሚባል ሥራ በ2046 ቀርቷል።»

«ታዲያ ማን ነው የጮኸው?» አሉ ሽማግሌው ዳኛ።

ከኋላ የተቀመጡ ሁለት ባለጉዳዮች ሳቁ።

«ስድስተኛ፣ ነጠላ» አለ ወጣቱ። «ናፍጣው፣ ልጣጩ፣ ረዳቱ፣ ነጠላው ጎተራው ላይ አሉ። ‹መናኸሪያ› ከሚለው ሥር፣ ከአንድ እስከ አራት። ቅደም ተከተሉን እንኳን አልቀየሩትም።»

«ግን ይሸተኛል» አለች ሐመልማል። «አልዋሸሁም። አሁንም ቁጭ ብዬ ይሸተኛል።»

«እናምንዎታለን» አሉ ወይዘሮ ጥሩዓየር። «ሲሸትዎት ነው የቆየው። መናኸሪያው ግን አይሸትም ነበር።» ወረቀት ሳቡ። «ቀኑ በሙሉ የወይዘሮ ወይንሸት ሆኖ ጸንቷል። አመልካች በመዝገቡ ላይ ‹ያልነበረች› ተብለው ይያዛሉ።»

ወይንሸት ብድግ አለች። «ነበረች እኮ።»

«ይቀመጡ።»

«አጠገቤ ነበረች። እኔ የያዝኩት እንዳይጻፍ ነው እንጂ አልነበረችም አላልኩም። እንዴት አልነበረችም ይባላል?»

«ወይዘሮ ወይንሸት፣ የተፈረደው ለእርስዎ ነው። የእሳቸውን መኖር የሚመሰክረው የራሳቸው ቃል ነው፤ ቃላቸው ደግሞ የሌላ ሰው ነው። ይቀመጡ።» ወደ ሐመልማል ዞሩ። «ይግባኝ ካለዎት ዛሬ እስከ አስራ አንድ ሰዓት፣ መስኮት ሁለት። ጎተራው ላይ የሌለ አዲስ ነገር ማቅረብ አለብዎት፤ የቀኑ ባለቤትም እውነት ነው ማለት አለባቸው።»

መምህር ልዑልሰገድ ደረጃው ላይ ደረሰባት።

«የጫማውን ነገር እኔ ነኝ የሰጠሁሽ» አለ። «እሱ ብቻ ነው ያልተነቃበት። ስሜን ከማህደርሽ አወጣለሁ።» ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለ ወረደ።

ውጭ ፀሐይ ነበር። ወይንሸት ከበሩ ወጥታ አጥሩ ጋ ቆመች። ሐመልማል በአጠገቧ ልታልፍ ነበር፤ ተመለሰች።

«ደስ አለሽ?»

«ምኑ ያስደስተኛል?»

«አልነበርሽም ተባልኩ። ስለዚያ ቀን በዕድሜሽ ሁለት ቃል አልነገርሽኝም። አፍሽን ይዘሽ፣ ቀኑን ይዘሽ፣ አሳደግኩሽ እያልሽኝ ትኖሪያለሽ።»

«ብዬሽ አላውቅም።»

«ፊትሽ ይላል! ባትሪ ስታነሺ ይላል። እዚያው ጥለሽኝ ብትሄጂ ይሻለኝ ነበር። ቢያንስ የራሴ የሆነ አንድ ነገር ይኖረኝ ነበር።»

ወይንሸት ስትናገር ድምፅዋ አልጨመረም።

«አሁን መጻፍ አትችዪም አይደል?»

«ሰምተሻል።»

«በጭራሽ?»

«ሰኞ ንባብ ክፍል ነኝ። በጭራሽ።»

«እንግዲያው ስሚ። ውሃ ልግዛ አላለችም። ያንን እኔ ነኝ የነገርኩሽ፣ ስታለቅሺ ጊዜ። ሁለት ትኬት ነበራት። አንዱ የሷ፣ አንዱ ያንቺ። እኔን አክስቴ መጥታ ትወስደኛለች ተባለ። ክንድሽን ይዛ ነይ አለችሽ። እኔ ሌላኛውን ክንድሽን ያዝኩ። ልቀቂያት አለችኝ፣ አልለቅም አልኳት። ጎተተችሽ፣ ጎተትኩሽ። ሰው ማየት ጀመረ። አውቶቡሱ ሰው አይጠብቅም፣ ሰዓቱ ሲደርስ በሩ ይዘጋል። እሷ ለቀቀችሽ። እኔ አልለቀቅኩሽም።»

ሐመልማል ክንዷን ወደ ራሷ ሰበሰበች። የቱን እንደተያዘች አታስታውስም።

«ለምን?» አለች።

«ብቻዬን መቅረት ፈራሁ። ሌላ ምክንያት የለውም። ላንቺ ብዬ አይደለም።»

«ወዴት ነበር የምትወስደኝ?»

«አልጠየቅኳትም።»

«ትወስደኝ ነበር።»

«አዎ።»

«ይህን ሁሉ ዓመት የተጣልኩ ነበር የሚመስለኝ።»

«ተጣልሽ ማለት ለኔም ቀለለኝ።» ወይንሸት ጓንቷን ፈለገች፤ እላይ እንደቀረ ትዝ አላት፤ ልታመጣው አልተመለሰችም። «ይህን ለሰው ነግሬ አላውቅም። ልትጽፊው ስለማትችዪ ነው የነገርኩሽ። ዘጠኝ ሰዓት ተራዬ ነው» ብላ ወደ መንገዱ ወጣች።

ሐመልማል እዚያው ቆመች። አልተናደደችም፤ አላዘነችም ማለትም ይቻላል። የሆነው ነገር ይህ ነው፦ እህቷ መንገዱን ተሻግራ ሳትጨርስ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር በጭንቅላቷ ውስጥ ተሠርቶ ነበር። ጥሩ ዓረፍተ ነገር ነበር። ሁለተኛውም መጣ። በሩ ላይ ያለው ሰዓት ስምንት ሰዓት ከሃምሳ ይላል። ለአንድ ሰዓት ያህል ጽሕፈት ቤቱን ዞረችው፤ ሁለት ጊዜ እስከ ዋናው መንገድ ሄዳ ተመለሰች። አስር ሰዓት ላይ መስኮት ሁለት ፊት ተሰለፈች።

መስኮቱ ውስጥ ያለችው ልጅ ማስቲካ ታኝካለች።

«ይግባኝ?»

«አዎ።»

ፎርሙን ገፋችላት። ሐመልማል ቆማ ሞላችው። ሽታ አላስገባችም። ቀለም አላስገባችም። እናት አንድ ክንድ፣ እህት አንድ ክንድ፣ በሩ ተዘጋ። ስድስት መስመር ሆነ። በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ እንደዚህ በደንብ ጽፋ አታውቅም፤ ይህንንም ራሷ አወቀች።

ልጅቷ አነበበች። ማኘኳን አቆመች። ከዚያ ሰሌዳዋ ላይ ፈለገች።

«ጎተራው ላይ የለም» አለች። «የሚመስለው እንኳን የለም። ይህ ጥሩ ነው እኮ! የቀኑ ባለቤት አዎ ካሉ ዛሬውኑ ይዘጋል። ልደውል?»

ሐመልማል ወደ በሩ ዞራ አየች። ከኋላዋ አንድ ሰውዬ «እህት፣ አስራ አንድ ሰዓት እየደረሰ ነው» አላት።

«ደውዪ» አለች።

ስልኩ በድምፅ ማጉያ ጠራ። ሲነሳ መጀመሪያ የተሰማው ባትሪ መሬት ላይ ሲቀመጥ ነበር።

«ወይዘሮ ወይንሸት ታምሩ? ከገጠመኝ ምዝገባ ነው። ይግባኝ ቀርቧል። አነብልዎታለሁ፤ ‹ሆኗል› ወይም ‹አልሆነም› ይሉኛል።»

አነበበችላት። ስድስቱ መስመር ቶሎ አለቀ። በወዲያኛው በኩል አንድ ባጃጅ ጥሩምባ ነፋ፣ ደገመው። ማንም አልተቆጣውም።

«ሃሎ? ወይዘሮ ወይንሸት?»

«እዚያ አለች?» አለች ወይንሸት።

«ከፊቴ ናት።»

ሐመልማል ወደ መስኮቱ ጠጋ አለች። «እታለም፣ አንድ ቃል ብቻ ነው። ቃልሽን ስለቀየርሽ ማንም አይከስሽም፣ ጠይቄያለሁ። ሆኗል በይ።»

«እንደዚያ ያለ ነገር አልነበረም» አለች ወይንሸት። ለልጅቷ ነው የምትናገረው። «ፈጥራው ነው። ጎበዝ ናት፣ ተምራለች።»

«እርግጠኛ ነዎት? ይግባኙ ይወድቃል።»

«የነበርኩት እኔ ነኝ» አለች ወይንሸት። «ሌላ የምትጠይቂኝ አለ?»

«የለም። አመሰግናለሁ።»

ልጅቷ ፎርሙ ላይ ማህተም አደረገች። ወደ ሳጥኑ ከመክተቷ በፊት ስድስቱን መስመር አንድ ጊዜ ደግማ አነበበቻቸው፤ ማስቲካዋን ወደ ሌላኛው ጉንጯ አዞረች።

«ያሳዝናል» አለች። «የእውነት ይመስል ነበር።»

ከመሳቢያዋ ቢጫ ወረቀት አውጥታ በመስኮቱ ሥር አሳለፈችላት።

«ሰኞ ሁለት ሰዓት፣ ንባብ ክፍል፣ ሦስተኛ ፎቅ። መነጽር ካለሽ ይዘሽ ነይ፤ እነሱ አይሰጡም።»